ውሃ የሞላናት ጀልባ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ መንገድ ሲጠግኑ ሬንጅ በበርሜል ያፈሉ ነበር። እኔ ወደ ባንክ እየሄድኩ ነው። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ እጄ ሳላዝዘው ሄዶ የነጠላዬን ጥለት ጨበጠ። አካፋ የያዘው ልጅ "እናቴ፣ ጭሱ ወደ እርስዎ ነው፤ ዞር ይበሉ" አለኝ። ዞር አላልኩም። እዚያው እንደቆምኩ ባንኩ ተዘጋብኝና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አንተም ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? እንግዲያው ቁጭ በልና ስማ።

አባቴ አናጢ ነበር። ቤታችን ከፒያሳ ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ግቢው ጠባብ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እንጨት እንጨት ይሸታል። አባቴ የደምቢያ ሰው፣ የጣና ዳር ልጅ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ጎንደር ውስጥ በርና አልጋ ሲሠራ ኖረ እንጂ ልቡ ከሐይቁ ወጥቶ አያውቅም። "ጡረታ ስወጣ በራሴ ጀልባ ዓሣ አሰግራለሁ" ይላል። እናቴ ደግሞ "አንተ እስክትወጣ ዓሣው ያልቃል" ትለዋለች። ለዓመታት እንዲህ ሲባባሉ ቆይተው፣ ወሬው ሥራ የሆነው በወንድሜ ምክንያት ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት መጥቶ ጎረምሳ ከመንገድ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከሠርግ ቤት ሳይቀር ይታፈስ ነበር። ወንድሜ ከእኔ በአንድ ዓመት ይበልጣል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆነለትም። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ጎረምሳ ደግሞ የሚጠብቀው ግንባር ነበር። የፊት ለፊት ጎረቤታችን ልጅ ዳቦ ልግዛ ብሎ እንደወጣ ቀረ። የዚያን ቀን ማታ እራት ላይ አባቴ ጉርሻውን አስቀመጠና "ጀልባ እንሠራለን" አለ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። አጎቴ ከጎርጎራ ማዶ፣ መኪና በማይደርስበት የሐይቁ ዳር ይኖር ነበር። ወንድሜ የራሱ ጀልባ ካለው ቀኑን ውሃ ላይ ይውላል፤ ዓሣውን አጎቴ ገበያ ያወጣለታል። ያለ ሥራ አጎቱ ቤት ቢጎለት ግን በሳምንቱ ወሬ ይሆናል። የደንገል ታንኳ እንዳይሆን፣ ታንኳ ውሃ እየጠጣ በጥቂት ወር ይበሰብሳል። "ውሃ ላይ ስም የሚጠራ የለም" አለ አባቴ። ጀልባዋ ካለቀች ወንድሜ ይተርፋል፤ ሳታልቅ ከመጡ አበቃ። ሁላችንም ይህንን እናውቃለን፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን አልነበረም።

ኮምፔርሳቶ በዚያን ጊዜ እንደ ስኳር በስንት መከራ ነው የሚገኘው። አባቴ ከየሠራበት ቁርጥራጭ ሰበሰበ፤ አንዱን ሙሉ ጣውላ እንኳ የራሳችንን ቁም ሳጥን አፍርሶ ነው ያገኘው። የጎድን አጥንቶቿን ከዋንዛ አወጣላት። ኮምፔርሳቶውን በፈላ ውሃ አርሰው፣ እሱና ወንድሜ በገመድ እየጠመዘዙ ሲያጎብጡት እንጨቱ ያቃስታል፤ እኛም በእያንዳንዱ ድምፅ ወደ በሩ እናያለን። መጋዝ አይደበቅም። ሰፈሩ ወዲያው አወቀና አባቴን "ኖኅ" ይለው ጀመር። "አያ ኖኅ፣ ዝናቡ መቸ ነው?" እያሉ ያልፋሉ። አባቴ ይስቃል። መሳቁ ይበጅ ነበር፤ የሚያስቅ ነገር ማንም አይጠረጥርም።

እናቴ የሠርጓን አቡጀዲ አንሶላ አወጣች። በቀጭን በቀጭኑ ቀድደን፣ ሬንጅ እያጠጣን በየመገጣጠሚያው ለጠፍነው። እጄ ለሳምንት ጥቁር ነበር። ቀለሟ አረንጓዴ ነው፤ አባቴ የቀበሌውን በር ሲቀባ የተረፈው። መቅዘፊያው የሚታሰርበትን ላስቲክ ከአሮጌ ጎማ ቆረጥን። ወንድሜ መቀመጫዋን በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ይውልና "ንግሥት ነው የምታስቀምጥባት?" ስለው "አንቺን ነዋ፤ ስትመጭ ቀሚስሽ እንዳይቀደድ" ይለኝ ነበር። እኔ ከተበጠሰ ነጠላ ጫማ ለመረቡ ተንሳፋፊ እየቆረጥኩ አስርለታለሁ። በየመሐሉ ከአስፋልቱ የመኪና ድምፅ ይሰማል። ድምፁ እስኪያልፍ ድረስ ሦስታችንም እጃችንን እናቆማለን፤ ሲያልፍ ምንም እንዳልሆነ እንቀጥላለን።

የቀረው መሞከር ነበር። ጎንደር ግን ሐይቅ የላትም። የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ ያም ቢሆን ታቦት በሚያድርበት ውሃ ላይ የዓሣ ጀልባ የሚሞክር ጎንደሬ ገና አልተወለደም። አባቴ አሰበ አሰበና "ጀልባዋን ውሃ ውስጥ ማስገባት ካልቻልን፣ ውሃውን ጀልባዋ ውስጥ እናስገባዋ" አለ። ውሃው ሾልኮ የሚወጣበት፣ ነገ ሾልኮ የሚገባበት ነው። መሬቱን ሰው እንደሚያስተኛ አድርገው ቆፈሩ፤ ጀልባዋን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጧት። ውሃው ሲከብዳት እንዳትጋደል ሰጋቱራ በሞላቸው ጆንያዎች ዙሪያዋን ደገፍናት። ወንድሜ ከስር በጀርባው ይተኛል፣ ጠብ የሚልበትን ዙሪያውን በሚስማር ጭሮ ይከብባል። እሱ ከገባ በኋላ መግቢያውን በአንድ ጆንያ ዘጋነው፤ የሰው ዓይን ያስፈራን ነበርና።

ውሃውን ያዋጣው ሰፈሩ ነው። በዚያን ጊዜ ቦኖ የሚከፈተው አንዳንድ ቀን ነው፤ ሰልፉ ደግሞ እስከ ታች ድረስ ይሄዳል። "ስትጨርሱ ለልብስ ማጠቢያ ትመልሱልናላችሁ" እያሉ እየተሳሳቁ ጀሪካናቸውን አመጡ።

ውሃው ስንዝር ያህል ሲሞላ የግቢው በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ መሣሪያ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሏል። ሰውየው የሰፈራችን ሰው ነው፤ አባቴ በሠራለት አልጋ ላይ ነው የሚተኛው። በዚያ ዘመን ይህ ለማንም ዋስትና አይሆንም።

"ልጅህ የታለ?"

"ማክሰኝት ሄዷል ጓድ፤ እንጨት ሊያይልኝ" አለ አባቴ።

ጠባቂዎቹ ቤቱን ገለባበጡት። አልጋ ስር፣ ቆጥ ላይ፣ ከእናቴ የእህል ጋን ኋላ። ሊቀመንበሩ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ጀልባዋን ዞራት። "ሰው ጀልባ ውሃ ውስጥ ይጨምራል፤ አንተ ውሃ ጀልባ ውስጥ ትጨምራለህ?" ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ከዚያ ዓይኑ አዲስ የተቆፈረው አፈር ላይ አረፈ፤ መሳቁንም ተወ።

"ይኸ አፈር ከየት መጣ?"

"ማረፊያዋን ስደለድል የወጣ ነው" አለ አባቴ።

"ድፉትና ከስሯ ልይ።"

ጀሪካኑን እንደያዝኩ ነኝ፤ ላስቀምጠው እንኳ አልቻልኩም። በዚህ መሐል ውሃ ይዛ የመጣችው የታችኛው ቤት ጎረቤታችን፣ ከደባርቅ ገጠር የመጣች ባለ ትልቅ ድምፅ ሴት፣ እንስራዋን መሬት ላይ ቁጭ አደረገች።

"ምነው ጓድ! ይኸ እኮ የሰፈር ውሃ ነው። ዶሮ ሳይጮህ ተሰልፌ የቀዳሁትን ነው ይደፋ የሚሉ? የእርስዎም ባለቤት ጀሪካኗን አዋጥታለች። ይደፋ ካሉ ሸጋ፤ ደፍተው እርስዎው ይንገሯት!"

አንደኛው ጠባቂ ሳቁን በሳል ሸፈነው። የሊቀመንበሩን ሚስት የማያውቅ የለም፤ በሰፈሩ ደርግን የማትፈራ እሷ ብቻ ነበረች። ሰውየው ቀና ብሎ አንዱን ጀሪካን አየ። ቀይ ክር የታሰረበት የቤቱ ጀሪካን ነው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ።

ግን አልሄደም። የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ሲጋራ ለኮሰ። እንጨቱ ሲጥ አለ። ውሃው ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ ጭስ ያስለዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው። ይህ ትዝ ሲለኝ ጀሪካኑን ወደ ላይ አንስቼ ቀስ እያልኩ ወደ ጀልባዋ መድፋት ጀመርኩ፤ ሲያልቅ የጎረቤቲቱን እንስራ አነሳሁ። የውሃው ድምፅ እንዳይቋረጥ ብቻ ነው የማስበው። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ያንን ሲጋራ የሚያህል ረጅም ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። በመጨረሻ ጉቶውን ውሃው ውስጥ ጣለ፣ ከዚያው ውሃ ዘግኖ ፊቱን ታጠበ፣ "ሲመጣ ቀበሌ ይምጣ በለው" አለና ወጣ።

ኮቴያቸው ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪጠፋ ማንም አልተነቃነቀም። ከዚያ እናቴ ጆንያውን በአንድ እጇ ወርውራ ወንድሜን ከጉድጓዱ ጎተተችው። ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ጥርሱ እንዳይንገጫገጭ የነከሰው ሚስማር አሁንም አፉ ውስጥ ነው። አወጣና "ሁለት ቦታ ታንጠባጥባለች፤ አንደኛውን የከፈተው የሰውየው ቂጥ ነው" አለ። እናቴ በጥፊ መታችው፤ ወዲያው ደግሞ አንገቱን አቅፋ አልለቅ አለች።

እነዚያን ሁለት ቦታዎች አባቴ ደፈናቸው። ወንድሜ ክቡን ሰፋ አድርጎ ስለጫረው ሬንጁ የሸፈነው መሐሉን ብቻ ነው፤ የሚስማሩ ጭረት ዙሪያውን ቀረ። በዚያው ሳምንት ጀልባዋ በጭነት መኪና፣ እሱ በእግሩ በገጠር መንገድ ወደ ጣና ወረዱ። ሲለየን "መቀመጫሽን አለስልሻታለሁ፤ ነይ" አለኝ። መሄድ አልሆነልኝም። ከቤታችን ሰው ወደዚያ ከተመላለሰ ዱካውን ያሳያል ተባለ።

ሁለት ክረምት ውሃ ላይ ቆየ። አጎቴ አልፎ አልፎ ደረቅ ዓሣ ይዞ ይመጣና "ጠቁሯል፣ ወፍሯል፣ ይዘፍናል" ይለናል። እናቴ ዓሣውን ሳትቀምሰው በፊት ታሸተው ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት፣ መናኸሪያ ቆሎ የምትሸጥ ሴት "የጀልባው ቤት ይኸ ነው?" ብላ ገባች። በእቅፏ አንድ ቆርቆሮ ሬንጅ ይዛለች። ጀልባዋ ሌላ ቦታ ማንጠባጠብ ጀምራ ኖሯል። ሬንጅ ደግሞ ጎርጎራ አልተገኘም። ኋላ አጎቴ እንደነገረን፣ ወንድሜ ማለዳ በአውቶቡስ መጥቶ፣ ገዝቶ፣ ለእኛ መዘዝ እንዳያመጣብን የእናቱን ደጅ ሳይረግጥ ሊመለስ ነበር። አውቶቡስ ሲሳፈር አፈሱት። ቆርቆሮውን ለሴትየዋ አስይዟት "የጀልባው ቤት፤ ለእናቴ" ብቻ ነው ያላት። ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን ያለው መንገድ እኮ አንድ ሰው ጥርስ እየፋቀ የሚጨርሰው ነው። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ይቆጨኛል፣ ያናድደኛል።

አባቴ ጀልባዋን ከሐይቁ አስመጥቶ እዚያው ጉድጓድ ላይ አስቀመጣት። ቆርቆሮውን መስኮቱ ላይ አኖረው። ከግንባር ወሬ ሳይመጣ ዓመታት ሲያልፉ፣ የሰፈር ሽማግሌዎች "አያ፣ እርምህን አውጣ" አሉት። "ሬንጁን የገዛው እሱ ነው፤ እሱው መጥቶ ይከፍተዋል" አላቸው። ዳግመኛ የጠየቀው የለም። እናቴ ቆርቆሮውን በየሳምንቱ ትወለውለዋለች።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በአዲ አርቃይ በኩል ሊማሊሞን እየወጣ ጎንደር ገባ። ባዶ እግሩን፣ ቁስሉን በጨርቅ አስሮ። እናቴ ቆሎና ውሃ ይዛ በየቀኑ መንገድ ዳር ትቆም ነበር። አባቴ እያንዳንዱን ያስቆማል፣ የወንድሜን ስም ይነግራል። መጪው እያነሰ መጣ። አንድ ጠዋት፣ እናቴ ከቤት ሳትወጣ በፊት፣ በምርኩዝ የሚሄድ አንድ ሰው አባቴን ይዞት ዞር አለ። የተባባሉትን አልሰማሁም። ሰውየው የአባቴን ትከሻ ሲስም ግን አየሁ።

አባቴ ቤት ገባ። ጀሪካን አነሳና "ነይ ውሃ እንቅዳ" አለኝ።

ወደ ጀልባዋ ስንደፋ ጎረቤት አየ፤ ምን ማለት እንደሆነም ገባው። አንድ በአንድ እየመጡ ደፉ። ባለ ትልቅ ድምፅዋ ጎረቤታችን ያን ቀን ድምፅ አልነበራትም። የሊቀመንበሩ ሚስትም ቀይ ክር የታሰረበትን ጀሪካን ይዛ መጣች፤ ባሏ በዚያን ጊዜ እስር ቤት ነው። ደፍታ ስትጨርስ የአባቴን እጅ ስማ ሄደች።

ጉድጓዱ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። ሚስማር ይዤ በጀርባዬ ተኛሁ። ከፊቴ በላይ የወንድሜ ሁለት ክቦች አሉ፤ ደርቀዋል። ክንዱ በደረሰበት የእኔም ክንድ ደረሰ። አዲሱን ቦታ አገኘሁትና ከበብኩት።

ውሃውን ለየባለቤቱ መለስን፤ ጀልባዋን ገልብጠን ለፀሐይ ሰጠናት። ስትደርቅ አባቴ እሳት አያያዘ፣ ቆርቆሮውን ከመስኮት አወረደ፣ ክዳኑን በመሮ ፈለቀቀው። ሽታው ግቢውን ሞላው።

እናቴ ቤት ውስጥ ነበረች። የነገራት ሰው የለም። ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። መጥታ ከጀልባዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና መዳፏን በሚስማር በተጫሩት ክቦች ላይ አዟዟረች። አባቴ ሬንጁን ቀብቶ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"አሁንስ አታንጠባጥብም?" አለችው።

"አታንጠባጥብም" አላት።

ያኔ ነው እሪ ያለችው።