ለእሁድ የተቀጠረ መርዶ

ስሙኝማ። ያሳደገኝ አጎቴ ሞቶ ልቅሶ ልቀመጥ ብል ከለከሉኝ። የት እንደከለከሉኝ ታውቃላችሁ? "የዓለምን ባህል እናከብራለን" ብለው ፊኛ የሰቀሉበት ሜዳ ላይ! አገር ቤት ሆናችሁ "አሜሪካማ ሰው ይከበራል" የምትሉም ስሙኝ።

ከአገር የወጣሁ ቀን ቦሌ ድረስ የሸኘኝ ይኸው አጎቴ፣ ጋሼ ነው። አባቴን አላውቀውም። ያበላኝም፣ ያለበሰኝም፣ ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ ስመጣ በቀበቶ የገረፈኝም እሱ ነው። የዲቪ ፎርሙንም እጄን ይዞ ኢንተርኔት ቤት ወስዶ ያስሞላኝ እሱ ነው። የኤርፖርቱ በር ላይ "ሂድ፣ ዞረህ እንዳታየኝ" አለኝ። ዞሬ አየሁት። ያ ቆፍጣና ሰውዬ በኮፍያው ፊቱን ሸፍኖ ይንሰቀሰቃል።

ኮሎምበስ ከተማ ገብቼ ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። አገር ቤት እኛ ሰፈር አንድ ቀን ካልታየህ "ምን ሆኖ ነው?" ተብሎ በርህ ይንኳኳል። እዚህ በርህ ከተንኳኳ ወይ ፖሊስ ነው ወይ የሰው ፒዛ ተሳስቶ መጥቶ ነው። ስራዬ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ጽዳት ነው፤ የቀጠረኝ ግን ኮንትራት የያዘ ሌላ ካምፓኒ ነው። በኮሮና ተዘግቶ የነበረው የግቢው የባህል ፌስቲቫል ተከፈተና ሱፐርቫይዘሬ ዴቢ ኮል አደረገችኝ፤ "ቅዳሜ ትገባለህ።" ገባሁ።

ሜዳው ላይ ለየአገሩ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። የኛ ጋ እንጀራውን እንደ ከረሜላ ቆራርጠው ስንጥር ሰክተውበታል። አንድ ፈረንጅ አንዷን በስንጥሩ አንስቶ አሸተታትና መልሶ አስቀመጣት። እኔ የቆሻሻ ከረጢቴን እየጎተትኩ ሳልፍ የእትዬ ሰናይት ልጅ ቤተል አየችኝ። እትዬ ሰናይት ክሊንተንቪል ሰፈር ነው የሚኖሩት፣ እዚህ ስመጣ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ቤተል እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ግቢ ትማራለች። ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ጥምጥም አለችብኝ።

"አይ አም ሶ ሶሪ አባውት ዩር አንክል።"

"የምን ሶሪ?"

"ማሚ ናት የነገረችኝ... ኦ ማይ ጋድ። ዩ ዲድንት ኖው?"

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። በቃ፣ ገባኝ።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሲነጋ በርህን አንኳኩቶ፣ ደግፎ ይዞህ ነው የሚያረዳህ። ለቤተል ይሄን ማን አስተማራት? እስክስታ ብቻ ነዋ ያስተማሯት! እናቷን ኮል አደረግኳቸው።

"እትዬ፣ ጋሼ ሞቷል?"

"ማነው የነገረህ?"

"ልጅዎ!"

"ወይኔ ጉዴ! እሁድ ኦፍህ ነው ብለን ነው እኮ የኔ ልጅ። ከስራህ እንዳትስተጓጎል ብለን..."

"መቼ ተቀበረ?"

"ማክሰኞ።"

አራት ቀን! የሀበሻ መደብር ያገኘኝ ሁሉ "ሰላም ነህ ወይ?" ሲለኝ የከረመው አውቆ ነው። ለካ መርዶዬን ከስራ ስኬጁሌ ጋር አስተካክለውልኛል።

ዴቢ ጋ ሄድኩ። "አጎቴ ሞቷል። ልሂድ፣ ሶስት ቀንም ልቀመጥ።"

"ኦ ስዊቲ፣ ሶሪ። ግን አጎት ኢሚዲየት ፋሚሊ አይደለም። ፈቃድ ያለው ለእናት፣ ለአባት፣ ለሚስት፣ ለልጅ ነው።"

"አባቴ ማለት ነው።"

"በወረቀት?"

"በቀበቶ!" አልኳት። አልገባትም።

"የሞት ሰርተፊኬት ካለህ ለኤችአር ኢሜይል አድርግላቸው። ዛሬ ግን ሜዳው ሳይጸዳ ከሄድክ ስራ እንደለቀቅክ ነው የምጽፈው።"

ይሄኔ ስቴጁ ላይ ማይክ የያዘው ሰውዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ኢትዮጵያውያን ጋ አጎቱም፣ አክስቱም፣ ጎረቤቱም ቤተሰብ ነው! ከነሱ እንማር!" ሜዳው በጭብጨባ ቀለጠ። ዴቢም አጠገቤ ቆማ አጨበጨበች። እውነቴን ነው፣ እነዚህ አይኖቼ አይተዋል።

ልጆቹ እስክስታውን ጀመሩ። እኔ ጥዬ አልሄድኩም። ራሴን የምጠላው እዚህ ጋ ነው። ጎንበስ ብዬ የሰው ትራፊ ለቀምኩ፤ ማስኩ ውስጥ እንባና ንፍጥ ተደባልቆ አፌ ይገባል። አንዷ ካሜራ ይዛ መጥታ "ኢትዮጵያዊ ነህ? ባንዲራው ጋ ቁምልኝ" አለችኝ። ከረጢቱን ሳልለቅ ቆምኩላት።

እሁድ ሲነጋ እትዬ ሰናይት ሰው አስከትለው መጡ። ማወቄን እያወቁ "ጠንከር በል የኔ ልጅ" ብለው ሊያረዱኝ! "እዛ ሜዳ ላይ ነበር የምፈልጋችሁ" አልኳቸው። እሳቸው አለቀሱ፣ እኔን እንባ እምቢ አለኝ። ለኤችአር ኢሜይል አድርጌ ነበር፤ ሰኞ መልሱ መጣ፤ አልተፈቀደም። ማክሰኞ ስራ ገባሁ።

አሁን እናንተን፣ ፊኛ ሰቃዮቹንና ሰርተፊኬት ጠያቂዎቹን፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ባህላችንን ስንጨፍርበት የምታጨበጭቡልን ሰዎች፣ ስናለቅስበት ማስረጃ አምጡ የምትሉን ለምንድነው?