ፋቲሃ የጠፋቻቸው ጠዋት

ታጣቂዎች የያዙኝ እናቴን ልጠይቅ ከደሴ መካነ ሰላም በገባሁ ማግስት ነው። ደሴ ላይ በአንድ ስብሰባ፣ ቁስለኛ ሲመጣ የማን ወገን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይታከም ብዬ ተናግሬ ነበር። ለዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ከከተማው ጫፍ ያለ የእህል መጋዘን ውስጥ ወረወሩኝ። በሩ ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለኝ የስንዴ አቧራና የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ነው። ቀጥሎ ከጨለማው ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። አብሽር፣ ግባ፣ ቦታ አለ አለኝ። ቦታ አልነበረም።

ድምፁ የሼሁ ነበር። ከከላላ በኩል የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርኣን ሲያስቀሩ፣ ማለትም ሲያስተምሩ፣ የኖሩ ሰው ናቸው። ለምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው ሳቁ። የታሰሩ የሰፈር ልጆችን አስፈታለሁ ብለው ሊማለዱ መጥተው፣ እሳቸውንም ጨምረዋቸው ቀሩ።

እኔ ሥራዬ የአንጎል ምስል ማንበብ ነው። በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ የደም ሥሮችን እያየሁ የቱ ተጣመመ፣ የቱ ጠበበ፣ የቱ አበጠ እላለሁ። እስረኞቹ ይህን ሲሰሙ «የአንጎል ፎቶ አንሺው» የሚል ስም አወጡልኝ። ካሜራህን ለምን ረስተኸው መጣህ እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ሼሁ እንደ ልማዳቸው ቁርኣን ሲቀሩ ድንገት አቆሙ። ዞር ብዬ ሳያቸው የቀኝ የአፋቸው ጫፍ ወደ ታች ወርዷል። ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ሊናገሩ ይሞክራሉ፣ የሚወጣው ግን ቃል አይደለም።

ሁሉም በአንድ አፍ ምች ነው አሉ። ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም። ሮጦ ከአጥሩ ሥር ዳማከሴ ቀጥፎ መጣ፣ በመዳፉ አሽቶ ግንባራቸውን ቀባቸው፣ አፍንጫቸው ላይም ያዘላቸው። የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ መንቋቋት ሲጀምር አፋቸው ቀና፣ ምላሳቸው ተፈታ፣ እጃቸውም ባይጠነክርም ተነሣ። ቤቱ በአልሃምዱሊላህና በእግዚአብሔር ይመስገን ሞላ። ጠባቂው የእጁን ሽታ እያሸተተ ኮራ።

እኔ ግን ፈራሁ። እንዲህ መጥቶ የሚሄድ ነገር ሕመም መሆኑ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው የሚያስፈራው። የሚቀጥለው ላይሄድ ይችላል። ነገር ግን ሁሉም በዓይኑ ያየውን ፈውስ ተቃውሜ ማንን ላሳምን? የእስር ቤቱ አዛዥ ይጠራልኝ ብዬ ለመንኩ።

አዛዡ መጣ። እኔን ከመስማቱ በፊት ወደ ሼሁ ዞሮ አፊያ ነዎት ወይ አላቸው። አልሃምዱሊላህ፣ አፊያ ነኝ አሉ። በእኛ አገር እግሩ የተሰበረ ሰውም መልሱ ይኸው ነው። አዛዡ ግን ሰማህ አይደል በሚል ዓይን አየኝ። ቀጥሎ ፍርዱን ሰጠ፤ እሳቸው ራሳቸው አሞኛል ካሉ ወደ ደሴ ሆስፒታል መኪና ይሰጣል፣ ካላሉ አይሰጥም። ሼሁ ደግሞ ነፍሳቸውን ለማዳን እንኳ የማይዋሹ ሰው ናቸው።

ስለዚህ አዛዡን ትቼ ሼሁ ፊት ተቀመጥኩ። ጣቴን ከጀሪካን ውሃ ነክሬ ሲሚንቶው ላይ ከአንገት ወደ አንጎል የሚወጣውን ሥር ሣልኩ። በወጣትነት እንዲህ ደልደል ብሎ ይሄዳል አልኳቸው። ዕድሜና የደም ግፊት ሲበረቱበት ይረዝማል፤ መሄጃ እንዳጣ ገመድም ይጣመማል። አንዱ ቦታ ግድግዳው ወፍሮ መተላለፊያው ይጠባል፤ ሌላው ቦታ ሳስቶ ያብጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰውየው አፊያ ነኝ እያለ ነው አልኳቸው። ውሃው ሲደርቅብኝ ደግሜ ሣልኩ።

«ይህን ያያችሁት ሬሳ ከፍታችሁ ነው?» አሉኝ።

«የለም ሼህ። ሰውየው ተኝቶ፣ እየተነፈሰ፣ ምላጭ ሳይነካው ነው።»

ሱብሃነላህ ብለው ሥዕሉን አዩት። የእሳቸውስ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። አላየሁትም፣ ግን ጠዋት የሆኑት ሥሩ አንድ ቦታ የጠበበበት ሰው የሚሆነውን ነው አልኳቸው።  ከዚያ ቀና ብለው አዛዡን አዩት።

«አሁን አፊያ ነኝ፣ አልዋሽህም» አሉ። «ጠዋት ግን ፋቲሃ ጠፋችኝ። የቁርኣን መክፈቻዋ፣ ዕድሜ ልኬን ለሰው ሳስቀራት የኖርኳት ፋቲሃ። ፈለግኳት፣ አጣኋት። ፋቲሃን ምች አይወስዳትም።»

አዛዡ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ክርስቲያን ነው። ግን የወሎ ልጅ ነው፤ ለአንድ ሼህ ፋቲሃ ጠፋች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም። ባርኔጣውን አውልቆ መኪና አምጡ አለ።

ሊሸከሟቸው ሲመጡ እንቢ አሉ። ጥምጥማቸው ተፈትቶ ነበርና መጀመሪያ እሱ ይታሰር አሉ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ገና በደንብ አልታዘዘላቸውም። ጨርቁን ተቀበልኳቸው። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፣ የአባቴን ጥምጥም ጫፍ ይዤ ነው ያደግኩት። ዙሪያውን አሳምሬ ስጠመጥም፣ «የቄስ አድርገህ እንዳትሰደኝ» አሉኝ። አዛዡ ሳይቀር ሳቀ። በእግራቸው ተራምደው ወጡ። ማንም ሳያዘን ሁላችንም ብድግ ብለን ሸኘናቸው። ብዙ ነገር ሆኜ አውቃለሁ፣ የዚያን ቀን ያህል ግን አሸናፊ ሆኜ አላውቅም።

እሳቸው ወደ መጋዘኑ አልተመለሱም። እኔም ጊዜው ሲደርስ ተፈታሁ። ደሴ ወደ ሥራዬ እንደገባሁ መጀመሪያ ያደረግኩት ምስላቸውን መፈለግ ነው። የግራ አንገታቸው ሥር ጠቧል፣ ከዚያ በላይ ያለውም ተጣሟል። ባልደረቦቼ በጊዜው መድኃኒት ጀምረውላቸው፣ ያ የፈራሁት ሳይመጣ ቀርቷል። ማሽኑ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ። ሼሁ ዛሬም ያስቀራሉ።

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት በሚኒባስ መጡ። አፋቸው ተጣሞ ወዲያው እንደተመለሰላቸው ነገሩኝ። ታዲያ ከተሻለዎት ይህን ሁሉ መንገድ ምን አመጣዎት አልኳቸው፣ መልሳቸውን ለመስማት ብዬ።

«ሼሁ ናቸው የላኩኝ» አሉኝ። «‹ተሽሎሽ ከሆነ ቶሎ ሂጂ› አሉኝ።»

ምስላቸውን አየሁ። ጠቧል፣ አልተዘጋም። በጊዜው ደርሰዋል።