ካህኑ የቀሩበት ማኅበር

አምሐ ከደልጊ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ ከአንድ ጋቢ በቀር ይሄ ነው የሚባል ነገር አልነበረውም። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፤ በልጅነቱ ጸሎቱን ሁሉ በቃሉ አስጠንተው ዲቁና አስቀብለውታል። ፔዳ አካባቢ የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ቀን ሲሚንቶ ሲያወርድ እየዋለ ማታ ማታ ይማር ነበር። የዚያ ግቢ ተከራዮች ስድስት ሆነው የሚካኤልን ጽዋ ማኅበር የጀመሩት ያኔ ነው። ወር በገባ በዐሥራ ሁለት አንድ ዳቦና አንድ ጀሪካን ጠላ መካከላቸው አድርገው ይቀመጣሉ። የሁሉም የንስሐ አባት አባ ወልደ ጻድቅ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ያስተምራሉ። አንዱ ቢታመም የቀሩት ተራ ገብተው ያስታምሙታል።

ዓመታት አለፉና ሁሉም ተሳካላቸው። አምሐ የብረታ ብረትና የሲሚንቶ መደብር ከፈተ፤ ሩሐማን አገባ፤ ፎቅ ሠራ። ማኅበሩም አብሯቸው ወፈረ። ዳቦው በሬ፣ ጠላው ውስኪ ሆነ። ያጠረው ጸሎቱ ብቻ ነው፤ አባ ወልደ ጻድቅ መስቀላቸውን ገና ሳያስቀምጡ አንዱ ሰዓቱን ያያል። አምሐ ንስሐ ከገባ ስድስት ዓመት አልፎታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ሰጥቷል፤ አንገቱ ላይ ወፍራም የወርቅ መስቀል አንጠልጥሏል፤ እግዚአብሔር ባይወደኝ ይህን ሁሉ አይሰጠኝም ነበር ብሎ ከልቡ ያምናል። አንድ ቀን አባ፣ “ልጄ፣ መቼ ነው የምትመጣ?” ቢሉት፣ “ምን በደልሁ ብዬ ልምጣ፣ አባ?” አላቸው እየሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ተረኛው አምሐ ነበር። አዲስ የሞተር ጀልባ ገዝቶ ስለነበር ድግሱ ጣና ላይ እንዲሆን ወሰነ። ሥጋው፣ መጠጡ፣ ድምፅ ማጉያው ተጫነ፤ ማኅበርተኞቹም ተሳፈሩ። አባ ወልደ ጻድቅ ግን ቅዳሴ ገብተው ኖሮ ዘገዩ።

“እንጠብቃቸው እንጂ፤ ያለ ካህን ምን ማኅበር አለ?” አለች ሩሐማ።

“ጥብሱ ይቀዘቅዛል” አለ አስናቀ፣ ከጥንቶቹ ተከራዮች አንዱ።

አምሐ ሞተሩን አስነሣ። ጥቂት እንደራቁ ሩሐማ ዞር ስትል ሽማግሌው ጥላቸውን ይዘው እየተጣደፉ ውኃው ዳር ሲደርሱ አየች። ነገረችው።

“ስንመለስ ይባርኩናል” አለና ፍጥነት ጨመረ።

ወደ ዘጌ አቅጣጫ እየበረሩ ነበር። አምሐ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ብርጭቆውን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ኋላ መልሶ በአስናቀ ወሬ ይስቃል። ጀልባዋ አንድ ነገር ላይ ወጣች። መጀመሪያ የተሰማው የታንኳ ደንገል ሲደቅ ነው፤ ደረቅ ሣር የመርገጥ ያህል ነበር። ቀጥሎ የተሰማው አጥንት ነበር። ሞተሩ ታንቆ ቆመ። ከኋላቸው ውኃው ቀላ።

ዓሣ አጥማጁ በገዛ መረቡ ተተብትቦ ከሞተሩ ጋር ተጣብቋል። ከውኃው በታች ያለው የሞተሩ ምላጭ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ዘልዝሎታል። ጭንቅላቱ ብቅ ይላል፣ ይሰጥማል።

“ንዳው” አለ አስናቀ። “ሞቷል። ማንም አላየንም።”

“እጁ ይንቀሳቀሳል” አለች ሩሐማ።

የአምሐ እጅ ወደ ሞተሩ ቁልፍ ሄደ። ቁልፉን ነካው። ያን ጊዜ ሩሐማ ጫማዋን አውልቃ ልትዘል የጀልባዋን ጠርዝ ስትይዝ አየ። የቁርጡን ቢላዋ አነሣና ከእሷ ቀድሞ ገባ። መረቡን ሲቆርጥ የገዛ መዳፉን ሰነጠቀ። ሰውዬውን በብብቱ ይዘው አወጡት፤ ሩሐማ በነጠላዋ ጭኑን ጥርቅም አድርጋ አሰረች። ያስተኙት ከጥሬ ሥጋው ትሪ አጠገብ ነበርና ደሙ ከሥጋው ደም ጋር ተቀላቀለ።

ሰውዬው ዐይኑን ገልጦ የወርቁን መስቀል አየ።

“ክርስቲያን ነህ?”

“ነኝ።”

“የክርስትና ስሜ ተክለ ጊዮርጊስ ነው። ሳልሞት ጸሎት ድገምልኝ።”

አምሐ በልጅነቱ እንደ ውኃ ይጠጣው የነበረውን የንስሐ ጸሎት ጀመረ። ሦስተኛው ቃል ላይ ጠፋበት። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ጠፋው። ቁስለኛው ጥርሱን ነክሶ ከቆመበት ቀጠለና ራሱ ጨረሰው።

የቀረበው ዳርቻ የሰውዬው መንደር ነበር። ወንድሞቹ ሁሉንም ከዳር ሆነው አይተዋል። አምሐ ቁስለኛውን ተሸክሞ እግሩ መሬት ሲነካ የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ሁለት ጥርሱን አረገፈ። ሲወድቅ ረገጡት፤ ክንዱ ሲሰበር ድምፁን ሰማው። ማኅበርተኞቹ ከጀልባው አልወረዱም። ታላቅየው ወንድም መጥረቢያ አነሣ።

“እሱን ከገደልኸው ወንድምህን መልካሙን ማን ሐኪም ቤት ያደርሰዋል?” አለች አገርነሽ፣ የቁስለኛው ሚስት። ቀና አላለችም፤ የባሏን ጭን ይዛ እንደተንበረከከች ነው። “አንሡና ጫኑ።”

አምሐ በአንድ እጁ እየነዳ፣ ደም እየተፋ፣ ታላቅየው መጥረቢያውን ማጅራቱ ላይ እንደደገነ ባሕር ዳር ደረሱ። መልካሙ ተረፈ፤ እግሩ ግን ተቆረጠ። አምሐ ከሐኪም ቤቱ ወጥቶ እጁን ለፖሊስ ሰጠ።

አስናቀ እስር ቤት አንዴ ብቻ መጣ። ታንኳው ነው የገባብኝ እንዲል መከረው። አምሐ እንቢ አለ፤ አስናቀም በዚያው ቀረ። አባ ወልደ ጻድቅ ግን ሳምንት አልዘለሉም።

“ሰክሬ ነው የመታሁት፣ አባ” አላቸው በመጀመሪያው ቀን። “ቁልፉን ስነካ ግን ስካሩ በርዶልኝ ነበር። ጥዬው ልሄድ ነበር። እኔ እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።”

“ብዙ ጊዜ ራስህን ሳታይ ቆየህ” አሉት። “አሁን ከመጀመሪያው ንገረኝ።”

ነገራቸው። የጥየቃ ሰዓቱ አልቆ እስኪያስወጧቸው ድረስ ንስሐ ሳይገባ ካለፉት ዓመታት ገና ሁለተኛውን አልጨረሰም ነበር።

በዓመት ከሁለት ወሩ ሲፈታ ሽማግሌ ይዞ ወደ መልካሙ ቤት ሄደ። መልካሙ ምርኩዙን ጎኑ አድርጎ ደጅ ተቀምጧል። የሽማግሌዎቹን ንግግር እስከ መጨረሻው ሰማና፣ “እግሬን አትመልሰው” አለ። “ይቅር ብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። ግን ሸክም አልችልም፤ መረብ የሚጎትትልኝ ሰው አጥቻለሁ።”

አምሐ ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ጎሕ ሲቀድ እዚያች መንደር ነው። የተሰበረ ክንዱ በቅዝቃዜ ይጠዘጥዘዋል። መረቡን ከወዲያ ጫፍ የሚጎትተው መጥረቢያ ያነሣበት ታላቅ ወንድም ነው። አምሐ በየቀኑ፣ “እንደምን አደርህ?” ይለዋል። ሰውዬው እስካሁን አልመለሰለትም፤ ጎንበስ ብሎ መረቡን ይጎትታል።