ላቮን ቲድማን አውቶቡሱን ስታቆም

በኤልክ ሪጅ የተወለደ ጎልማሳ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ላቮን ቲድማን በምትነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ተመላልሶ ነው ያደገው። ላቮን ልጆች ላይ አትጮህም ነበር። ከኋላ ወንበር የተገመጠ ፖም ከተወረወረ አውቶቡሱን በበቆሎ ማሳዎቹ መሀል ዳር ታስይዝና ሞተሩን ታጠፋለች። ከዚያ በመስታወቱ እያየቻቸው "ማነው?" ትላለች። ያደረገው ልጅ "እኔ ነኝ" ብሎ እስኪወጣ ድረስ፣ በረዶ ቢጥልም አውቶቡሱ ንቅንቅ አይልም። የኔም ልጆች እራት ያመለጣቸው ጊዜ አለ። አንድ ቀን ልቆጣት ደወልኩና እሷው ተቆጥታኝ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ቨርል እባላለሁ፤ ጎረቤቷ ነኝ፣ ጓሯችን የተያያዘ ነው። ባሏ ጂን ልቡን ያመመው የከተማችን ሆስፒታል በተዘጋ በሁለተኛው ክረምት ነው። አምቡላንሱ ወደ አጎራባቹ አውራጃ ሲከንፍ ጂን መንገድ ላይ አረፈ። ላቮን ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ነበር፤ የተዘጋውን ሆስፒታል በመስኮት እያየችው አልፈዋል።

"የበሩ መብራት በርቶ ነበር፣ ቨርል" አለችኝ ከቀብሩ በኋላ። "ለማን እንደሚያበሩት እንጃ!"

ከዚያ ወዲህ ፖለቲከኛ ባገኘች ቁጥር የምትጠይቀው ያው አንድ ጥያቄ ሆነ። በዚያ ዓመት ፓርቲያችን ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርበውን ሰው ሊመርጥ ነበርና፣ ዕጩዎቹ እንደ ልማዳቸው አስቀድመው ወደ እኛ ወደ አዮዋ መጡ። የክፍለ ግዛት ገዥ የሆነው ብራኔን ከምግብ ቤታችን ገብቶ የአሳማ ጥብሱን በዳቦ እየገመጠ ከሁሉ ጋር ፎቶ ተነሣ። ላቮን "ሆስፒታላችንን ታስከፍትልናለህ?" ብትለው "ጉዳዩን በጥልቀት እናጠናዋለን" ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እኔ ብሆን እጁን መንጭቄ አወርደው ነበር። ሴናተር ኮርዲል ግን ስትጠየቅ "አዎ፣ በየአውራጃው አንድ ሆስፒታል። ገንዘቡን ከትልልቆቹ ሀብታሞች ግብር አመጣለሁ፤ እነሱም ይጠሉኛል" አለች። ላቮን በዚያው ቀን የኮርዲልን ሰሌዳ ደጇ ላይ ተከለች።

የሚያናድደው ነገር ከተማው ሁሉ ኮርዲልን ይወዳት ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ይወዳታል፣ ቄሱ ይወዷታል። ከዚያ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቅና "ምን ዋጋ አለው፣ አታሸንፍም" ይላል። ከሁሉ ይበልጥ ይህን የምትለው ደግሞ የጂን እህት ማርጂን ነበረች፤ በሰፈራችን የገዥው ቅስቀሳ አስተባባሪ እሷ ናት። ማርጂን ክፉ ሰው አይደለችም። ሁለት ምርጫ በተከታታይ ስንሸነፍ ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

"የሞተው ወንድሜ እኮ ነው፣ ላቮን" ትላታለች። "እኔ ኮርዲልን ጠልቼ መሰለሽ? የተሸነፈ ሰው አንድ ክሊኒክ እንኳ አይከፍትም!"

"የማይፈልግ ሰውስ ቢያሸንፍ ይከፍታል?"

"ቢያንስ በሩን የምናንኳኳው የኛ ሰው ይሆናል።"

"እኔ በር ማንኳኳት ሰልችቶኛል" ትላለች ላቮን።

ምርጫው የሚካሄደው በትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ምርጫ ምስጢር የሚባል ነገር አያውቅም፤ የወደድከው ዕጩ ጥግ ሄደህ ትቆማለህ፣ ጎረቤትህም ዓይንህን እያየ ይቆጥርሃል። ከተሰበሰበው ሰው ከመቶ አሥራ አምስት እጅ ያላገኘ ጥግ ይፈርሳል፤ ሰዎቹ ወደ ሌላ ጥግ ይሄዳሉ ወይም ቤታቸው ይገባሉ። በዚያ ምሽት አንድ ጥግ ላለመፍረስ አሥራ አራት ሰው ያስፈልገው ነበር። በመጀመሪያው ቆጠራ እኛ አሥር ሆንን።

የሌላውን ጥግ ሰው ለማግባቢያ ግማሽ ሰዓት ተሰጠ። ማርጂን በቸኮሌትና በኦቾሎኒ ቅቤ የጋገረችውን ብስኩት በትሪ ይዛ መጣች። የገዥውን ጥግ ብስኩት መብላት ግማሽ እጅ እንደ መስጠት ነው።

"ቨርል፣ ዋ!" አለችኝ ላቮን።

"አልበላሁም" አልኩ አፌ ሞልቶ።

"ኑ እንጂ" አለች ማርጂን ልመና ባለው ድምፅ። "እዚህ ቆማችሁ ልትፈርሱ ነው። ላቮን፣ ሰዎችሽን ይዘሽ ነይ፣ ወደ አውራጃው ጉባኤ ተወካይ ሆነሽ ትሄጃለሽ።"

ላቮን ኮቷን አነሣች። ያን ጊዜ 'እጅ ሰጠች' አልኩ። ወደ ገዥው ጥግ መራመድ ስትጀምር እነዚያ አጨበጨቡ፣ ያፏጨም ነበር። እሷ ግን ሜዳው መሀል ስትደርስ ቆመች፤ ኮቷን መሬት ላይ አስቀምጣ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

"እንግዲህ አውቶቡሱ ቆሟል" አለች።

ሆዱ የወጣ፣ ራሱ የተመለጠ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንዱ ኮፍያውን ሲያወልቅ አይቻለሁ።

"ኮርዲል ፕሬዚዳንት ብትሆን ደስ የሚለው እጁን ያንሣ።"

መጀመሪያ መተያየት ሆነ። ከዚያ አንድ እጅ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ከአዳራሹ ከግማሽ የሚበልጠው እጁን አነሣ።

"አውርዱ። አሁን ደግሞ፣ እሷን የማይመርጠው ማነው?"

አንድም እጅ አልተነሣም።

"ሁላችሁም 'እኔስ በወደድኩ፣ ሰው ነው የማይመርጣት' ትሉኛላችሁ። ያ ሰው ማነው? ይውጣና ላነጋግረው።"

"ወይዘሮ ቲድማን፣ እሱማ ኦሃዮ ነው ያለው!" አለ ከኋላ አንዱ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"ያ የኦሃዮው ሰውዬም አሁን ስለ እናንተ 'የማይመርጣት አዮዋ ነው ያለው' እያለ ነው" አለች ላቮን። ሳቁ ቆመ።

ከገዥው ጥግ የአምቡላንሱ ሹፌር ዴሪል ወጥቶ መጣ። "ጂንን ይዤ የነዳሁት እኔ ነኝ" አለና ከእኛ ጥግ ቆመ። ከእሱ በኋላ የሚስማርና የመዶሻ ሱቅ ያላቸው ባልና ሚስት ተሻገሩ። ሌላ ሰው ስንጠብቅ የስብሰባው መሪ አርደን ሰዓቱ ማለቁን ተናገረ።

"አዝናለሁ፣ ላቮን" አለ። "አሥራ ሦስት ናችሁ። ወይ ወደ ሌላ ጥግ ሂዱ፣ ወይ ወደ ቤታችሁ።"

"እዚሁ ብንቆምስ?"

"አትቆጠሩም።"

"አንቆጠር! እናንተ ግን እያየናችሁ ትቆጠራላችሁ።"

ጉልበቴ ክፉኛ ያመኝ ነበር፤ የመጣሁበት መኪና የእሷ ባይሆን እሄድ ነበር ብዬ ላሾፍ አስቤ ተውኩት። ከአሥራ ሦስታችን አንድም ሰው አልሄደም።

ቆጠራው ተጀመረ። በገዥው ጥግ ያለ ሰው በየተራ ቁጥሩን ጮክ ብሎ መናገር አለበት። አንዳንዱ መሬት መሬት እያየ፣ አንዳንዱ በችኮላ ተናገረ። የመጨረሻው ተራ የማርጂን ነበር። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

"አልሰማሁሽም፣ ማርጂን" አለ አርደን።

"ጮክ በይ እንጂ!" አለች ላቮን ከዚህኛው ጥግ። "ጂንም ይስማሽ።"

"ሃምሳ ሰባት" አለች ማርጂን፤ ጉንጯ እርጥብ ነበር። ገዥው ሰፈራችንን አሸነፈ።

ስንወጣ ማርጂን በባዶ ትሪዋ ደረቷን ሸፍና ከላቮን መኪና አጠገብ ቆማ ትጠብቀን ነበር።

"በኅዳር በዋናው ምርጫ ገዥው ከቀረበ ትመርጪው የለም ወይ?" አለቻት።

"እመርጣለሁ። ሰሌዳውንም እተክላለሁ፤ ድምፅ ለመስጠት መሄጃ ያጣውን ሁሉ በመኪናዬ አመላልሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነግሪኝ።"

"ምን?"

"ማንም አይመርጣትም እንዳትዪኝ። እጆቹን አይቻለሁ።" የመኪናዋን በር ከፈተችና ዞር አለች። "በአንድ እጅሽ ትሪ ይዘሽ ያነሣሽውን ያንቺንም አይቻለሁ።"