ከጋሽ ተካ ብየዳ ቤት በላይ የተማርነው ቪም

ቪም የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ የገባ ሰው መውጫው ይጠፋዋል የሚባለው ውሸት ነው። እኛ በየቀኑ እንወጣ ነበር፤ የሚያስወጣን ጋሽ ተካ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለሚ ኩራ ከምኖርበት ሕንፃ ፊት ለፊት የበረንዳ ብረት ይበየድ ነበር። ሽታው በመስኮት ሲገባ ጣቶቼ ሳላዛቸው የቪምን የሴቭ ትእዛዝ፣ ኢስኬፕ፣ ኮሎን፣ ደብልዩ፣ ኢንተር፣ መቱና የምጽፈውን መጣጥፍ መሀሉ ላይ አበላሹት።

ይህን የለመድኩት በወጣትነቴ መገናኛ አካባቢ፣ ከጋሽ ተካ ብየዳ ቤት በላይ በነበረች የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ነው። ቪም ማውዝ የማይፈልግ፣ በቁልፍ ብቻ የሚታዘዝ ጥቁር የጽሑፍ ፕሮግራም ነው፤ ወደ ግራ ኤች፣ ወደ ታች ጄ፣ ወደ ላይ ኬ፣ ወደ ቀኝ ኤል። እነዚህን እንድንለምድ ብሎ አስተማሪያችን የቀስት ቁልፎቹን በቢላ ነቅሎ ጣሳ ውስጥ ከትቷቸው ነበር፤ ያጉረመረመውን ሁሉ "ቀስት የፈለገ አደን ይውጣ" ይለዋል። ኮምፒውተሩ አንድ ለሁለት ስለነበር አንዱ ሲመታ ሌላው ትእዛዙን ይጠራል። የእኔ ጠሪ ምሕረት ነበረች፤ ከኮተቤ በታክሲ የምትመጣ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ያለ ማይክራፎን የምትዘምር ልጅ። የመብራት መስመራችን አንድ ስለነበር፣ ታች ጋሽ ተካ ለሲኤምሲ ቪላዎች በር መበየድ ሲጀምር የስክሪናችን ዳር ዳሩ ይጨማደዳል፤ ከቀጠለ ፊውዙ ይወርድና ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ይጠፋል። ምሕረት መጨማደዱን ስታይ "ሴቭ!" ትላለች፤ እኔ ደግሞ "አንቺ ልጅ፣ ነቢይ ሆንሽብን እኮ" እላታለሁ።

የመጨረሻው ፈተና ዕለት ለየብቻ ተቀመጥን። ያለ ፈተናው ሰርተፍኬት የሚቀጥረን መሥሪያ ቤት አልነበረም። አስተማሪያችን ቀደም ብሎ ወርዶ ጋሽ ተካን ለምኖት "ለእናንተ ስል ዛሬ መዶሻ ብቻ" አስብሎት ነበር፤ ግን አንድ ባለቪላ በሩን ካልወሰድኩ ብሎ መጣ። ክፍሉ ፀጥ እንዳለ ከኋላ ምሕረት በመዝሙር ድምፅዋ "ሴቭ!" ብላ ጮኸች። ሁላችንም መታን። ወዲያው ጨለመ።

"ፈተና ላይ ማነው የሚጮኸው?"

"ጋሽ ተካ ነው፣ ቲቸር" አለ አንዱ፤ ምሕረትን ያጋለጠ አልነበረም።

መብራቱ ሲመጣ የሁላችንም ሥራ ተገኘ፤ የእሷ ብቻ ጠፋ። "እናንተ ስትመቱ እኔ እየጮህኩ ነበራ!" ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዋን ደግማ ማለፏን ሰማሁ፤ እኔ ያኔ ሥራ ገብቼ ነበርና ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ማሠልጠኛዋም ብየዳ ቤቱም መንገድ ሲሰፋ ፈረሱ። የዛሬ ፕሮግራም በራሱ ሴቭ ያደርጋል፤ መሻሻል ነው፣ የድሮ ፊውዝ ናፍቆኝ አላለቅስም። ሆኖም ሥራውን የሚሠራው በዝምታ ነው፤ የራሱን ትቶ ከኋላዬ የሚጮህልኝ የለም።

ስለዚህ እኔ ልጩህ፦ የከፈታችሁትን ሴቭ አድርጉ። በኋላ ሳይሆን፣ አሁን!