ይኸነው ጮክ ብሎ ሲያነብ

የነበርነው እህቴ ትርንጎ፣ የሰፈራችን ልጅ ይኸነው፣ መምህር ስንታየሁ፣ የኔታና እኔ ነን። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የትርንጎ ልጅ መጽሐፏን ጮክ ብላ ስታነብ ሰምቼ፣ ማንኩሳ አጠገብ ሦስተኛ ክፍል የተማርንበት ቤት ትዝ አለኝ።

ይኸነው ከየኔታ የቄስ ትምህርት ቤት ገና መምጣቱ ነበር። እዚያ ሁሉም የየራሱን ንባብ በአንድ ጊዜ ይጮኻል። መምህር ስንታየሁ «ዝም ብላችሁ አንብቡ» ሲሉ የእሱ ድምፅ ብቻውን ቀረ።

«ዝም በል አላልኩህም?»

«እንዴ፣ ዝም ካልኩማ በምን አነባለሁ?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህር ግን «ነገ ወላጅ ካላመጣህ እንዳትገባ» አሉት። እናትም አባትም ስላልነበሩት የኔታን ይዞ መጣ።

«የኔታ፣ ሁሉም እንዲህ ቢጮህ ማንን እሰማለሁ?» አሉ መምህር።

«እኔስ የሚሳሳተውን ነው የምሰማ» አሉ የኔታ፣ የዝንብ ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። «ግዴለም መምህር፣ ድምፁ ወደ ውስጥ እስኪገባለት ይታገሡት።»

ድምፅ እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚገባ ያኔ አልተረዳሁም። መምህር ግን ይኸነውን ከእኔ ጎን፣ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጡት፤ በሹክሹክታ እንዲያነብም ፈቀዱለት። እኔም እሱን እየሰማሁ መስመሩን እከተል ነበር። ሹክሹክታው እየሳሳ ሄዶ የከንፈሩ እንቅስቃሴ ብቻ ቀረ። ከንፈሩም ጸጥ ያለበትን ቀን ግን አላስታውስም። ትርንጎ፣ ይኸነው፣ እናንተ የምታስታውሱት ካለ ጨምሩልኝ።