ራዲያተር ውስጥ የገባው ቡላ

መኪና ውሃ ስትጠጣ ማንም አያምንህም። ዘይት ቢፈስ መሬቱ ይመሰክርልሃል። ጎማ ቢተነፍስ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። ውሃ ግን ሞተሩ ሲግል ነው የሚያፈተልከው፤ ያው ትኩስ ብረት ላይ ወድቆ ይተናል። መኪናዋን አቁመህ ሥሯን ብታይ ደረቅ ነው። እኔና ታላቅ ወንድሜ የተጣላነው በዚህ ነው።

ደርግ ሲወድቅ ከጦሩ ይዤ የተመለስኩት መንዳት ብቻ ነው። ወንድሜ ሶዶ ገበያ ላይ እህል ይነግዳል፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ነበር። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አብረን ገዛን። እህሉ የእሱ፣ መሪው የእኔ። ከሶዶ በታች ካለችው ከበዴሳ እህል እንጭናለን፣ እህሉ ላይ ሰው፣ ሰውየው እቅፍ ውስጥ ዶሮ። የሁለት ቤት ልጆች ከእሷ በሉ።

አንድ ክረምት ውሃ መጠጣት ጀመረች። ጠዋት ሞልቼ የወጣሁት ራዲያተር ከሰዓት ጎድሎ ይጠብቀኛል። ወንድሜ፣ «ክዳኑን አጥብቀህ አትዘጋም። ጦር ቤት እንዲህ ነው ያስተማሩህ?» ይለኛል። አንዱ መካኒክ ራዲያተሩ ነው አለ፣ ሌላው ሞተሩ ካልተፈታ አላውቅም አለ። ሁለቱንም ትቼ ወደ ቤት ነዳኋት።

ከምድጃ አመድ ወሰድኩ። በውሃ በጥብጬ ጎማ ቧንቧዎቹን፣ የራዲያተሩን ዙሪያ፣ የውሃውን ፓምፕ ሁሉ ቀባሁና እስኪደርቅ ተውኩት። አመድ ሲደርቅ ይነጣል፣ ውሃ ሲነካው ይጠቁራል። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ፣ «ምነው፣ ሞተችብህ እንዴ አመድ የምትቀባት?» አለች። ሞተሩን አስነሥቼ እስኪግል ጠበቅሁ። ከፓምፑ ሆድ ሥር፣ ትንሿ ቀዳዳ ጋ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ወረደ። ሞተሩን አጥፍቼ የፓምፑን ዘንግ ብወዘውዘው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተነቃነቀ። ሌላ ነገር አልነበረም። ፓምፑ ተበልቷል።

አዲስ ፓምፕ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት፤ ለአንድ የአውቶብስ ሹፌር አደራ አልን። እስኪመጣ ግን ጊፋታ ደረሰ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በየአገሩ የተበተነው ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሰው በቡድን በሬ ይገዛል። ለመኪና ከዚያ የተሻለ ገበያ የለም።

«መኪናዋ ትቆማለች» አልኩ።

«በጊፋታ? አትቆምም!» አለ ወንድሜ። «ባይራው ማነው?»

ባይራ በእኛ የበኩር ልጅ ነው፤ ቃሉ አይታጠፍም።

«ባይራው አንተ ነህ ጋሼ» አልኩት። «ፓምፑ ግን ባይራ አያውቅም።»

ግቢው ውስጥ እህል የሚያራግፉት ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

እናታችን የተሰነጠቀ ማሰሮ በቡላ ትደፍን ነበር። ከእንሰት የሚወጣውን ያንን ነጭ ዱቄት በውሃ ትበጠብጥና ማሰሮው ውስጥ ታፈላዋለች፤ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይጋገርበታል፣ ከዚያ ወዲያ ማሰሮው አያፈስም። ወንድሜ ይህን አስታወሰ። እሑድ ዕለት እኔ ለቅሶ ሄጄ ሳለሁ ቡላ በጥብጦ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመረ።

የባይራ ቃል ነውና ሰኞ ጠዋት ልነዳ ተነሣሁ፤ እንደ ልማዴ ክዳኑን ልከፍት ስል ወንድሜ እጄን ያዘ።

«ተወው፣ እኔ ሞልቼዋለሁ። ጸልየንበታልም።»

ጸልየንበታል ያለህን ሰው ክዳን ከፍተህ ምን ትለዋለህ? ተውኩት። ወደ በዴሳ ቁልቁለት ነው፤ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ደረስን። ጋቢና አጠገቤ ተቀምጦ፣ «አየህ?» አለኝ። እኔም አየሁ፣ ምን እንዳየሁ ግን አላወቅሁም።

ስንመለስ የሰፈራችንን በሬ ከኋላ ጭነን አሰርን፣ ዙሪያውን ሰው ሞላ። ዳገቱን ስንጀምር የሙቀቱ መርፌ ተነሣ፣ ቆየና ከላይ ተጣበቀ። ከዚያ ሽታ መጣ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ «እዚህ ማነው ገንፎ የሚያገነፋ?» ብላ ጮኸች። አንዱ ተቀብሎ፣ «ቅቤ የያዘ የለም? ከነበሬው እንበላዋለን!» አለ።

ቆምኩ። ኮፈኑን ስከፍት በክዳኑ ጎን ነጭ አረፋ እየተንፈቀፈቀ ሞተሩ ላይ ይወርዳል። ቡላን የማያውቅ የወላይታ ሰው የለም። ሁሉም ወረዱ፣ ሁሉም አዩ፣ ሳቃቸውም ቆመ። የማይስቅ በሬው ብቻ ነበር፣ አሁን ሁላችንም እንደ እሱ ሆንን።

«ጋሼ፣ ይሄ የእናታችን ማሰሮ ነው?» አልኩት።

ያን ጊዜ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ቢል እምላለሁ፣ እኔው እስቅ ነበር። እሱ ግን ሰዉን አየ። ከዚያ፣ «ውሃ ሳትሞላ ወጥተህ ነው» አለኝ።

«ሽማግሌ ሆነህ ትዋሻለህ» አልኩት። ሰው ሁሉ እየሰማ።

በሬው በእግሩ ነው ሶዶ የገባው። እኛም እንዲሁ፤ እሱ በመንገዱ ግራ፣ እኔ በቀኝ።

ሽማግሌዎች አስቀመጡን። «ወንድምህ በመኪናው አጠፋ፣ አንተ በአፍህ አጠፋህ፤ ታናሽ ነህና ቀድመህ ተነሥተህ ጉልበቱን ሳም» አሉኝ። «ቡላውን የጨመርኩት እኔ ነኝ ይበልና እነሣለሁ» አልኩ። እሱ፣ «ይነሣና እናገራለሁ» አለ። እኔ አልተነሣሁም፣ እሱ አልተናገረም። ሽማግሌዎቹ ደክሟቸው ሄዱ።

መኪናዋን ብቻዬን ፈታኋት። ቡላው በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እንደ ሙጫ ደርቋል፤ በፈላ ውሃና በሽቦ እያንዳንዱን ጠረግሁ። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታ የምንለው፣ በሙቀቱ ተጣሞ ነበር፤ ቶርኖ ቤት አስላጥኩት። ፓምፑም መጣ፣ ገጠምኩ። እንደገና አመድ ቀባሁና አስነሣኋት። አመዱ ነጭ እንደሆነ ቀረ። በማግስቱም ነጭ ነበር።

«መኪናህ ድናለች በሉት» ብዬ ላክሁ። በሚስቱ በኩል መልስ መጣ፦ «ለእሱ ትሁን። እኔ መኪና የለኝም።» ከሰጠኝ ስጦታ ሁሉ ይህ ነው ያቃጠለኝ። ከዚያ ወዲያ በሬ የገዛነው በተለያየ ቡድን ነው፤ አንድ አጥር ለይቶን ጊፋታን ለየብቻ በላን።

ወላይታ ለብቻው ዞን ከሆነ በኋላ ወንድሜ ታመመ። ሐኪም ቤት የወሰዱት በሰው መኪና ነው። ሲሞትም ልጆቹ የሰው ፒክአፕ ለምነው አመጡ። የእኔዋን ጠዋት አጥቤ፣ ውሃዋን ሞልቼ፣ አፏን ወደ በሩ አዙሬ አቁሜአት ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ውሰዱ አላልኩም።

አስከሬኑን የጫነው ፒክአፕ በደጄ አለፈ። ከኋላው በእግሬ ተከተልኩ። መንገዱ አቧራ ነበር፤ ከፊቴ ከመኪናው ሆድ ሥር ጠብ፣ ጠብ እያለ እርጥብ ነጥብ ይቀራል። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት፤ ውሃ ነው። የቀብሩ ዳገት ገና ነበር። ሹፌሩን ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም።